የዋጋ ሕጎቹ ለየብቻ ልክ ናቸው፣ አብረው ሲመጡ ግን ይሳከራሉ

ጠያቂ፦ ጫኝ_አስጫኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በጭነት መኪና ድርጅት ውስጥ ዋጋ የማወጣው እኔ ነኝ። ከኤክሴል ወጥተን ወደ ሶፍትዌር እየገባን ነው። ሲስተሙ «እንዲህ ከሆነ ይህን ጨምር» የሚል ሕግ ይቀበላል። መነሻ ዋጋችን በኪሎሜትር ነው። ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ከተፈለገ 15 በመቶ፣ እሑድ ከተጫነ 10 በመቶ እንጨምራለን። አንድ በአንድ ስሞክራቸው ልክ ናቸው። እሑድ የሚጫን የማቀዝቀዣ ጭነት ሳስገባ ግን 25 በመቶ ሳይሆን 26.5 ይጨምርብኛል። በዚያ ላይ የኮንትራት ደንበኞች አሉ። ለእያንዳንዳቸው ሁሉንም ሕግ እንደ አዲስ ልጻፍ እንዴ?

መልስ፦ ታሪፍ_ሠሪ

26.5 የመጣው ሁለተኛው ሕግ የመጀመሪያው ባበጠው ዋጋ ላይ ስለተሰላ ነው። 1.15 በ1.10 ሲባዛ 1.265 ይሆናል። ሕጉ ውስጥ ፐርሰንቱ ከምን ላይ እንደሚሰላ የሚመረጥበት ቦታ ካለ፣ ሁለቱንም «ከመነሻ ዋጋ» አድርጋቸው። ከሌለ መነሻውን በራሱ ፊልድ አስቀምጥና ጭማሪዎቹ ከእሱ ብቻ እንዲነሱ አድርግ።

ለኮንትራት ደንበኞች ግን እባክህ ሁሉንም ሕግ አትገልብጥ። ነገ የእሑዱ ጭማሪ ሲቀየር ስንቱን ታርማለህ? ጠቅላላውን ሕግ አንድ ጊዜ ጻፍ። ለደንበኛው የሚለየውን ብቻ በላዩ አስቀምጥና ቅድሚያ ስጠው። ጠባቡ ሕግ ሰፊውን ይቅደም። ደግሞም ሲስተሙ መጀመሪያ ያገኘውን ሕግ ወስዶ የሚቆም ነው ወይስ የሚመለከተውን ሁሉ የሚደምር? ይህን ሳታጣራ ቅደም ተከተል ማውጣት ዋጋ የለውም።

አንድ ሌላ ቦታ ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው የማያየው። በክብደት ደረጃ የምታስከፍል ከሆነ ወሰኖቹን ፈትሽ። ከ5,000 ኪሎ በታች በኪሎ 10፣ ከዚያ ወዲያ 9 ነው እንበል። 4,800 ኪሎ የጫነ 48,000 ይከፍላል፣ 5,000 የጫነው 45,000። ያነሰ የጫነው በለጠ ማለት ነው! ደንበኛው ይህን አንድ ቀን ያየዋል፣ ሲያየው ደግሞ ይቆጣል፣ እውነቱን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሲስተሙ ጭነቱን አንዴ በራሱ ደረጃ፣ አንዴ ደግሞ 5,000 ኪሎ እንደሆነ ቆጥሮ በ9 አስልቶ ትንሹን ይውሰድ። ልክ 5,000 የሆነው ጭነት በየትኛው ወገን እንደሚገባም በግልጽ ጻፈው።

መልስ፦ የመንገድ_ሂሳብ

በተባለው እስማማለሁ። የምጨምረው ቀንን ነው። የነዳጅ ጭማሪ ናፍጣ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይቀየራል። ታዲያ የሚያዘው የትዕዛዙ ቀን ነው፣ የተጫነበት ወይስ ደረሰኝ የተቆረጠበት? ውሉ የሚለውን ያዝና በሕጉ ውስጥ አስገባው። አሮጌውን ሕግ አትሰርዘው፣ ማብቂያ ቀን ስጠው። ያለፈ ወር ጭነት እንደገና ቢሰላ የድሮው ዋጋ መውጣት አለበት።

ጠያቂ፦ ጫኝ_አስጫኝ

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ፐርሰንቱ ተስተካከለ። አንድ የቀረኝ ዝቅተኛ ክፍያ ነው። ከጭማሪዎቹ በፊት ይምጣ ወይስ በኋላ?

መልስ፦ ታሪፍ_ሠሪ

ዝቅተኛው ክፍያ መኪናውን ለማንቀሳቀስ ብቻ ከሆነ፣ በፊት። መነሻው ከእሱ ካነሰ ወደ እሱ ይነሳል፣ ጭማሪው ከዚያ ይቀጥላል። ሁሉን ያካተተ ከሆነ ግን መጨረሻ ላይ ጠቅላላው ድምር ከእሱ ጋር ይነጻጸር። በአጭር መንገድ ላይ ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ ከሽያጭ ክፍሉ ጋር ተነጋገርና በጽሑፍ ያዘው። የጭነት ማራገፊያ ላይ መኪና ሲቆም የምታስከፍለውን ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ በራሱ መስመር አስቀምጠው፤ እሑድ ስለሆነ የቆመበት ሰዓት ላይ 10 በመቶ እንዳይጨመርበት።

ሥራ ላይ ከማዋልህ በፊት የተዘጉ የድሮ ደረሰኞችን በአዲሱ ሕግ አሂዳቸው። በተለይ ያከራከሩትን።