የሊምፎማ አንቲቦዲ በደም ስር ይሻላል ወይስ ከቆዳ ስር በመርፌ? የምታውቁ እባካችሁ

የእናቷ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ ፎሊኩላር ሊምፎማ (የሊምፍ ካንሰር ዓይነት) ነው የተባለችው፣ ኬሞዋን ሪቱክሲማብ ከሚባለው አንቲቦዲ ጋር ጨርሳ አሁን ተመስገን በጣም ደህና ናት፣ በሽታው ቶሎ እንዳይመለስ ተብሎ ግን ሪቱክሲማቡን ብቻ በየሁለት ወሩ እስከ ሁለት ዓመት ትቀጥያለሽ አሏት። ችግሩ ደም ስሯ ነው፣ ከኬሞው በኋላ አልገኝ እያለ ነርሶቹ አንዱን እጅ ትተው ወደ ሌላው ሲሄዱ እሷ ጥርሷን ነክሳ ዝም ትላለች፣ የኔ አንጀት ነው የሚቃጠለው። ሐኪሟ ሆድ ላይ ከቆዳ ስር የሚወጋ አለ፣ ከፈለጋችሁ እንቀይረው አሉን። ግን ያ ሁሉ ሰዓት ሲንጠባጠብ የሚውል መድኃኒት በደቂቃ ተወግቶ እንዴት እኩል ይሠራል? ደሞ ለሁሉም ሰው አንድ ዶዝ ነው ሲሉኝ እሷ ቀጭን ስለሆነች ይበዛባት ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ነርስ_በካንሰር_ክፍል፦
አይዞሽ እህቴ፣ እኔ ሁለቱንም ነው የምሰጠው። አቅሙ አይቀንስም። የደም ስሩ በሰውነት ስፋት ተሰልቶ በካሬ ሜትር 375 ሚሊግራም ነው፣ የቆዳ ስሩ ግን ለሊምፎማ 1400 ሚሊግራም ነው ለማንም ሰው። ቁጥሩ የበዛው ከቆዳ ስር የሚገባው ቀስ እያለ ስለሚሄድና ሁሉም ደም ውስጥ ስለማይደርስ ነው፣ ያ ታስቦበት ነው ከፍ የተደረገው። ሳብሪና የሚባለው ጥናት እንደ እናትሽ ፎሊኩላር ያለባቸውን ሰዎች ነው ያየው፣ በመርፌ የወሰዱት ደማቸው ውስጥ የተገኘው መጠን አላነሰም፣ በሽታው ለመድኃኒቱ የሰጠው ምላሽም ተቀራራቢ ነው። ቀጭን ሰው ላይ መጠኑ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ እውነት ነው፣ ቢሆንም በጥናቱ የጎንዮሽ ጉዳቱ በጥቅሉ ከደም ስሩ ብዙም አልራቀም፣ የተወጋበት ቦታ መቅላትና ማበጥ ነው በመርፌው የሚበዛው። ኪሎዋን አንስተሽ ግን ሐኪሟን ጠይቂያቸው፣ መብትሽ ነው። 11.7 ሚሊሊትር ሆድ ላይ እንዴት ይገባል ካልሽ ደግሞ ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል ኢንዛይም አብሮት አለ፣ ከቆዳ ስር ያለውን ክፍል ለጊዜው ላላ አድርጎ ቦታ ይሰጠዋል፣ በአንድ ሁለት ቀን ወደነበረበት ይመለሳል። 5 ደቂቃ ያህል ነው፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚገፋው።

ታጋሽ፦
እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። የኔ ትልቅ ሴል የሚባለው ሊምፎማ ነው፣ ከኬሞው ጋር ስወስድ መርፌው ብዙ አልጠቀመኝም ምክንያቱም ኬሞው ራሱ በደም ስር ነው፣ ካኑላው (ደም ስር ውስጥ የሚገባው ቱቦ) መግባቱ አይቀርም። ደሞ በደም ስር ሲሆን ብርድ ብርድ ሲልህ ወይ ጉሮሮህን ሲከረክርህ ወዲያው ዘግተው ያቆሙታል፣ የተወጋ ነገር ግን አይመለስም። ለዛ ነው የመጀመሪያው ዶዝ የግድ ሙሉውን በደም ስር የሚሆነው፣ በሰዓት ከ50 ሚሊግራም ጀምረው እያዩ እየጨመሩ፣ ከባዱ ሪአክሽን በብዛት ያኔ ነውና። ያንቺ እናት ግን ኬሞውን ጨርሳለች፣ በደም ስርም ተላምዳዋለች፣ እኔ ብሆን ሳላመነታ መርፌውን እወስድላታለሁ። ሰዓቱም ቀላል ነገር አይደለም፣ ያ ሁሉ ቀን ወንበር ላይ ማለቅ ለታማሚም ለአስታማሚም ድካም ነው።

የእናቷ_ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም፣ ትንሽ ቀለለኝ። እንደ ኢንሱሊን ቤት ወስጄ እኔ ብወጋትስ አይቻልም? ከመርፌው በፊት የሚሰጧት ክኒንስ ይቀራል?

ነርስ_በካንሰር_ክፍል፦
ቤት አይሆንም እህቴ፣ በባለሙያ ነው የሚሰጠው፣ ከተወጋች በኋላም ቢያንስ 15 ደቂቃ እዛው ሆና ትታያለች። ፓራሲታሞሉና የአለርጂው መድኃኒትም አይቀርም። ጠባሳ፣ የበለዘ ወይ የጠጠረ ቦታ ላይ እንዳይወጉ አሳዪያቸው። ቤት ከገባችሁ በኋላ ትንፋሽ ካጠራት፣ ፊቷ ካበጠ ወይ ራሷን ካዞራት ሳትጠብቂ ይዘሻት ሂጂ። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራዋን ደግሞ ፋይሏ ላይ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ፣ ሪቱክሲማብ ተኝቶ የነበረውን ቫይረስ ሊቀሰቅስ ይችላል፣ በደም ስርም ሆነ በመርፌ ያው ነው።