ዶክተር ሃውስ አምበርን የረሳት በጭንቅላቱ ነው ወይስ በልቡ?

የማታ ተመልካች፦

ሰላም ለሁላችሁ። «ሃውስ» የተሰኘውን የሕክምና ድራማ አራተኛ ሲዝን ሰሞኑን ከታናሽ እህቴ ጋር እንደገና አይተን ስንጨርስ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ላይ መግባባት አቅቶን ጉዳዩን ወደ እናንተ አመጣሁት። ድራማውን ላላያችሁት ከወዲሁ ላስጠንቅቅ፤ ከዚህ በታች መጨረሻው ሁሉ ይነገራል።

ክፍሎቹ ሜይ 12 እና 19 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. በፎክስ ቴሌቪዥን የተላለፉት «የሃውስ ጭንቅላት» እና «የዊልሰን ልብ» ናቸው። በመጀመሪያው ክፍል ዶክተር ሃውስ በአንድ የራቁት ጭፈራ ቤት ውስጥ ራሱ ደምቶ ተቀምጧል፤ ያለፉት አራት ሰዓታት ከአእምሮው ጠፍተዋል። ተሳፍሮበት የነበረው የከተማ አውቶቡስ መገልበጡን ሲረዳ አንድ ነገር ብቻ እርግጠኛ ይሆናል፤ ከአደጋው በፊት ከተሳፋሪዎቹ በአንዱ ላይ የሞት ምልክት አይቷል። ማን እንደሆነና ምልክቱ ምን እንደነበር ግን አያውቅም። ትዝታውን ለመመለስ ያላደረገው የለም፦ ባልደረባው ዶክተር ቼዝ ሂፕኖሲስ ያደርግለታል (በንግግር ወደ ሰመመን ያስገባዋል)፣ የተሳፋሪዎቹን ልብስ ያሸታል፣ በመጨረሻም ባልደረቦቹን የአውቶቡስ ተሳፋሪ አድርጎ ካስቀመጠ በኋላ ልቡ እስኪቆም ድረስ መድኃኒት ይውጣል። የአውቶቡሱን ሾፌር ሕመም ደርሶበት ካዳነው በኋላ እንኳ እረፍት ያጣል፤ የሚፈልገው ሰው ሾፌሩ አልነበረምና። በመጨረሻ የሚገለጥለት የአምበር ፊት ነው፤ የአንድ ልቡ ወዳጅ የዶክተር ዊልሰን ፍቅረኛ፣ ማንነቷ ሳይታወቅ በሌላ ሆስፒታል ተኝታ የነበረችው።

እህቴ «ጭንቅላቱን ተመታ፣ ረሳ፤ ከዚያ በላይ አታወሳስቢው» ትላለች። እኔ ግን አልቀበላትም። የማያውቃቸውን መንገደኞች መልክ አንድ በአንድ መልሶ ያገኘ ሰው የሚያውቃትን አንዲት ሴት ለመጨረሻ ያስቀራት፣ እሷን ካስታወሰ ወዳጁን እንደሚያጣ ውስጡ ስላወቀ ይመስለኛል። አምበር ወደዚያ የመጣችው በእሱ ምክንያት ነበር። ጠጥቶ የሚወስደው ሰው ሲያጣ ወደ ዊልሰን ደወለ፤ ዊልሰን ተረኛ ስለነበር እሷ መጣች፤ ከዘራውን ረስቶ ወደ አውቶቡሱ ሲገባ ልትሰጠው ተከትላው ገባች። ይህን የመሰለ ነገር ሰው በጭንቅላቱ ብቻ ይረሳዋል? ምን ትላላችሁ?

ነርስ ከሜሪላንድ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ በሥራዬ በየሳምንቱ የማገኘው ስለሆነ በዝርዝር ልመልስ፤ በዚህ ጉዳይ የማደላው ለታናሽ እህትሽ ነው።

አንድ ነገር ካየን በኋላ ያን ነገር አእምሯችን የሚያስቀምጠው ወዲያውኑ አይደለም፤ ለማጽናት ጊዜ ይፈልጋል። ሊጥ ሳይቦካ አይጋገርም። በዚያ መሐል ጭንቅላት በኃይል ከተመታ፣ ከአደጋው በፊት የነበሩት ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ሰዓታት፣ ሳይጸኑ ይቀራሉ። የሩቁ ቀስ በቀስ ሊመለስ ይችላል፤ ለአደጋው የቀረቡት የመጨረሻ ቅጽበቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለሱም፤ የተደበቁ ሳይሆኑ መጀመሪያውኑ ያልተጻፉ ናቸውና። ለዚህ ነው ሃውስ ከግጭቱ ጥቂት ቀደም ብሎ አምበር ክኒን ስትውጥ ማየቱን አጥርቶ ማስታወሱን ለማመን የምቸገረው። በዚያ ላይ ጠጥቶ ነበር፤ አልኮል ብቻውን እንኳ ትዝታ እንዳይጻፍ ያደርጋል።

መድኃኒቱን በተመለከተ ጸሐፊዎቹ በደንብ አስበውበታል። ሃውስ የወሰደው ፊዞስቲግሚን ለማስታወስ የሚያስፈልገው አሴቲልኮሊን የተባለው ንጥረ ነገር እንዳይፈርስ ስለሚያደርግ በአንድ ወቅት ለአልዛይመር ሕሙማን ተሞክሯል፤ ሲበዛ ልብን ማዘግየቱም እውነት ነው። በሁለተኛው ክፍል ጭንቅላቱ ተበስቶ በኤሌክትሪክ የሚነካበት ሁኔታም ከባዶ የመጣ አይደለም። የሞንትሪያሉ ቀዶ ሐኪም ዋይልደር ፔንፊልድ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ሳያስተኛ፣ የራሳቸውን ቆዳ ብቻ አደንዝዞ አንጎላቸውን በኤሌክትሪክ ሲነካ አንዳንዶቹ ያለፈ ነገር እንደሚታያቸው ወይም ድምፅ እንደሚሰሙ ነግረውታል። በ1963 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ግን ይህ የታየው ከ520 ሰዎች በ40ዎቹ ላይ ብቻ ነው፤ ያዩት በእርግጥ የደረሰባቸው ይሁን ወይስ እንደ ሕልም ያለ ነገር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ድራማው እንዳሳየው የተፈለገችውን ሌሊት መርጦ የሚከፍት ቁልፍ የለም።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይቆጨኛል። አምበር የሞተችው ለኢንፍሉዌንዛ ጉንፋን በወሰደችው አማንታዲን በተባለ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው፣ ኩላሊቷ በአደጋው ተጎድቷል፣ ዲያሊሲስ የሚባለው በማሽን የሚደረግ የደም እጥበትም ሊያወጣው አይችልም። ሰንሰለቱ ያለ እንከን ይያያዛል። ሆኖም የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ቫይረሱ ስለተላመደው አማንታዲን ለኢንፍሉዌንዛ እንዳይታዘዝ የመከረው በጃንዋሪ 2006 ነበር። ክፍሉ የተላለፈው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ራሷ ሐኪም የሆነች፣ ያውም እንደ አምበር ሁሉን ቀድማ የምታውቅ ሴት፣ ያንን ክኒን ከቦርሳዋ ስታወጣ ባየሁ ቁጥር እጇን ልይዝላት ያምረኛል።

የቋንቋ መምህር፦

የነርሷን ማብራሪያ አክብሬ ከሌላ በኩል ልግባ። የሁለቱን ክፍሎች ርዕስ ልብ በሉልኝ፦ መጀመሪያ ጭንቅላት፣ ቀጥሎ ልብ። «ልብ በሉ» ያልኩት ለማሳመር አይደለም። በአማርኛ ማስተዋልን የምናስቀምጠው በልብ ነው፤ ያላስተዋልነውን «ልብ አላልኩም» እንላለን፣ የሚዘነጋውን ሰው «ልቢስ» እንለዋለን። ስለዚህ የጠያቂዋ ክርክር ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንበትም።

ከዚህ ይልቅ ይበልጥ የሚነካኝ «አስታወስኩ» እና «ትዝ አለኝ» የምንላቸው ሁለት ቃላት ልዩነት ነው። አስታዋሹ ባለቤት ነው፤ ፈልጎ ያመጣል። «ትዝ አለኝ» ስንል ግን እኛ ተቀባዮች ነን፤ ነገሩ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ሃውስ በመጀመሪያው ክፍል ሙሉ የሚታገለው ለማስታወስ ነው፤ በሂፕኖሲስ፣ ልብስ በማሽተት፣ በመድኃኒት። የሚያገኘው ግን ሲታገል የፈለገውን ሳይሆን ሌላውን ነው። እውነቱ የመጣው እንደ ትዝታ በሰው ተመስሎ ነው፦ በአውቶቡሱ ውስጥ ደጋግማ የምትታየው ጥቁር ጸጉር ያላት ሴት።

ያቺ ሴት የአንገት ሐብሏ ከምን እንደተሠራ ትጠይቀዋለች። ክፍሉን በመጀመሪያ ያየሁት ከእናቴ ጋር ነበር፤ እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ በየመሐሉ እያቆምኩ እተረጉምላቸዋለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ። ሐብሉ የተሠራው ከዘመናት በኋላ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ የዛፍ ሙጫ ነው፤ ያ ሙጫ በእንግሊዝኛ «አምበር» ይባላል፤ የሴቲቱም ስም እሱው ነው። ለእናቴ «ሙጫ ነው» ብላቸው ምንም አይገባቸውም፤ «አምበር ነው» ብላቸው የጥያቄው ቅኔነት ይጠፋል። በመጨረሻ «እማዬ፣ ቅኔ ነው፤ ሙጫው ሰሙ ነው፣ ልጅቷ ወርቁ ናት» አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው። «እንግዲያስ ከመጀመሪያውም ያውቃት ነበር» አሉ።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ስሟ በሃውስ ውስጥ ነበረ፤ በሰም ተሸፍኖ። ዳይሬክተሩ ግሬግ ያይታነስ በዚህ ክፍል የዚያን ዓመት የኤሚ ሽልማት ማግኘቱ ያንን ሰም ሳይቀደድ እስከ መጨረሻው ይዞ በመዝለቁ ይመስለኛል።

ታላቅ ወንድም፦

ከሁላችሁም ተምሬያለሁ። ስለ ሕክምናውም ስለ ቅኔውም የምጨምረው የለኝም፤ ስለ አንድ ትዕይንት ግን ዝም ማለት አልችልም፤ እሱም ሃውስ ባልደረቦቹን የተሳፋሪዎች ምትክ አድርጎ አውቶቡሱን እንደገና የሚገነባበት ነው። ብዙ ሰው በዚህ ብልኀት ይደነቃል፤ እኔን ግን ያስፈራኛል።

ታናሽ ወንድሜ ከአምስት ዓመት በፊት በሚኒባስ አደጋ ጭንቅላቱን ተጎድቶ ነበር። ዛሬ ደኅና ነው፣ ሥራውን ይሠራል፤ ከቤት ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ሆስፒታል እስከነቃበት ያለው ግን ጠፍቶበታል። እኛ ቤተሰቦቹ አዝነንለት በየአልጋው ጠርዝ ተቀምጠን እንተርክለት ነበር፤ ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ፣ ረዳቱ ምን እንዳለ፣ ሾፌሩ እንዴት እንደነዳ። እኔም ሾፌሩ ቀይ ኮፍያ አድርጎ እንደነበር ነገርኩት። ከጥቂት ወራት በኋላ ወንድሜ ራሱ ይተርክልን ጀመር፤ ቀዩን ኮፍያ ከኋላ እያየ፣ የኮፍያው ጠርዝ መተርተሩ ሳይቀር። እኛም «ትዝታው ተመለሰ» ብለን እልል አልን።

ኋላ ላይ ከአደጋው የተረፈ ሌላ ተሳፋሪ አግኝቼ ስናወራ ሾፌሩ ራሱን ገላልጦ እንደነበር ነገረኝ። ኮፍያውን ያየሁት እኔ ነኝ፤ በዚያ ቀን ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ በነበረ ሌላ ሰው ራስ ላይ። አምታትቼ ለወንድሜ ሰጠሁት፣ እሱም የራሱ አደረገው።

ስለዚህ ሃውስ ምትክ ተሳፋሪዎቹን አስቀምጦ መድኃኒቱን ሲውጥ የማስበው፣ የሚያየው የእውነተኛዋን ሌሊት ነው ወይስ ራሱ አሁን የሠራትን ሌሊት ነው እያልኩ ነው። ድራማው በዚህ ላይ ምንም ጥርጣሬ አያሳይም። የሚሞግተኝ ብቸኛ ነገር የአምበር ሕመም ነው፤ ትዝ ያለው ክኒን በአካሏ ላይ የታየውን ሁሉ ያብራራል፤ ያም ባይሆን ኖሮ አላምነውም ነበር።

የማታ ተመልካች፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነርሷ እንዳለችው ያልተጻፈ ነገር እንደማይመለስ ተረድቻለሁ፤ ለእህቴም ግማሹን ክርክር እንዳሸነፈች ነግሬያታለሁ። ሌላው ግማሽ ግን አሁንም የእኔ ነው፤ የመምህሩ እናት ይደግፉኛል።

የታላቅ ወንድምን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ የመጨረሻውን ትዕይንት እንደገና ከፈትኩት። ዊልሰን አምበር ከሞተች በኋላ ወደ ቤቱ ገብቶ አልጋው ላይ ጋደም ሲል በእጇ የጻፈችለትን ማስታወሻ ያገኛል፤ ቤት ባለመኖሯ ይቅርታ ጠይቃ ሃውስን ልታመጣ መሄዷን ብቻ የሚናገር ነው። ሃውስ አንጎሉን አስበስቶ፣ ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ ከፈለጋት ሌሊት ውስጥ አንዷ እውነት ያን ጊዜ ሁሉ እዚያ በወረቀት ላይ ተኝታ ነበር። ያቺን ወረቀት ማንም ሊያሳስታት፣ ማንም ኮፍያ ሊጨምርባት አይችልም። ባለፈው ሳየው አምበርን ስለማጣቱ ብቻ ነበር ያለቀስኩት።

ታላቅ ወንድም፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ የማይመች ከሆነ ይለፉት። ለወንድምዎ ስለ ኮፍያው ነግረውታል?

ታላቅ ወንድም፦

ባለፈው ፋሲካ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «ታዲያ እኔ የማየው ኮፍያ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ በር ላይ ቆሞ የነበረውን ሰው ስሙን አልጠየቅኩትም።