ለቤት ኮምፒውተር ባለ ብዙ ኮር ፕሮሰሰር ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦
ለቤተሰቤ ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ልገዛ አስቤአለሁ። የምንሠራበት ለደብዳቤ፣ ለኢንተርኔትና ቪዲዮ ለማየት ሲሆን፣ ባለ 2፣ ባለ 4 እና ባለ 8 ኮር (ኮር በፕሮሰሰሩ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ አስሊ ክፍል ውስጥ፣ ራሱን ችሎ ሥራ የሚያከናውን ክፍል ነው) ቀርቦልኝ የዋጋው ልዩነት ቀላል ስላልሆነ፣ ለትርፉ ኮር መክፈል ይገባኝ እንደሆነ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
ለተጠቀሰው ሥራ ባለ 4 ኮር ይበቃዎታል። ኢንቴልና ኤኤምዲ በ2005 እ.ኤ.አ. ባለ 2 ኮር የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ወደ ማቅረብ የተሻገሩት፣ የአንዱን ኮር ፍጥነት ይበልጥ ማሳደግ ከፍተኛ ሙቀት ስላስከተለ ነበር። ስለዚህ የኮር መብዛት የሚጠቅመው ሥራው ተከፋፍሎ በአንድ ጊዜ ሊከናወን ሲችል ነው፤ የአንድ ሥራ ግማሹ በቅደም ተከተል ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ኮሩ የቱንም ያህል ቢበዛ ፍጥነቱ ከእጥፍ አያልፍም። ቪዲዮ ማቀናበር በደንብ ይከፋፈላል፤ ደብዳቤ መጻፍ ግን ለአንድ ኮርም አይከብድም።

መልስ 2፦
እስማማለሁ፤ ሆኖም አሮጌ ባለ 8 ኮር ከአዲስ ባለ 4 ኮር ሊዘገይ ስለሚችል፣ ፕሮሰሰሩ የወጣበትን ዓመት ሳያጣሩ ገንዘብ አይክፈሉ። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 2 ኮርና 4 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ይጠይቃል፤ የቆዩ ፕሮሰሰሮችን ደግሞ ኮራቸው ቢበዛም በይፋ አይደግፍም። በእኔ ቤት ባለ 2 ኮሩን ኮምፒውተር ያፈጠነው ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ በሚፈጥን ማከማቻ) መቀየሬ ነው፤ የተረፈዎትን ገንዘብ እዚያ ላይ ቢያውሉት እመርጣለሁ።

ጠያቂው፦
ልጄ ቪዲዮ ማቀናበር ጀምራለች፤ ይህ ምክራችሁን ይቀይረዋል?

መልስ 1፦
አዎን፤ እንግዲያውስ 6 ወይም 8 ኮር ያለውን፣ ከ16 ጊጋባይት ራም ጋር ይውሰዱ።