ለቪትዝ የሚሆን፣ ለጣና የሚበቃ ጀልባ የቱ ነው?

ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር እየወሰድኩ ለሁለት ሰው ዓሣ ማጥመጃ የማደርገው ጀልባ እፈልጋለሁ። መኪናዬ ቪትዝ ነው፤ ተሳቢ መጎተቻ የለውም፣ ጣሪያው የሚሸከመውም ከነመጫኛ ብረቱ 50 ኪሎ ነው።

መጀመሪያ ሦስት ሜትር የሚሆን ፋይበርግላስ ተውሼ ገልብጬ ጫንኩ። ክብደቱ ባያልፍም ፈጠን ሲባል ንፋስ ከሥሩ እየገባ አፍንጫውን ያነሳዋል፤ የመሀሉ ቀበቶ ብቻውን አይበቃም። አፍንጫውን ከመኪናው የፊት መጎተቻ ቀለበት ጋር በገመድ ሳስረው ረጋ። ግን ጠርዙ ተሰነጣጥቋል፣ መግዛት አልፈለግኩም።

ቀጥሎ በአየር የሚሞላ፣ የእንጨት ወለል ያለው የፒቪሲ ጀልባ ሞከርኩ። ታጥፎ የኋላ ወንበር ላይ ይገባል፤ እሱስ ግሩም ነው። ችግሩ ሌላ ነው፦ ጠዋት በብርዱ ጥርቅም አድርገው የሞሉት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲመታው አየሩ ተለጥጦ ስፌቱን ይከፍታል። አየር መቀነስ ይህን ይፈታል፤ የዳርቻው ጥቁር ድንጋይ ሆዱን መፋቁን ግን አይፈታም።

ሞተሩ ባለ 4 የፈረስ ጉልበት ነው። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው፤ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድላል። ስለዚህ ከባድ ጀልባ አይገፋም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ንፋሱ ማዕበል ያስነሳል።

ፀሐይን የሚችለውን በአየር የሚሞላ፣ ሃይፓሎን በሚባል ጎማ ከተለበጠ ጨርቅ የተሠራ ጀልባ ልግዛ ወይስ ከ40 ኪሎ የማይበልጥ፣ ሆዱ ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ጀልባ?