ትራንስፈሩ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ዘይቱን ሁለቴ ቀየርኩ፣ ምን ላድርግ?

የወረታ ተመላላሽ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ አሮጌ ዳብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት። ናፍጣ ነች፣ ፎር ዊሉ በእጅ ማርሽ የሚገባ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በሳምንት አራት ቀን ወረታ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወደ ሩዝ ማሳዎቹ እገባለሁ። የፎገራን ሜዳ በክረምት ያየ ጭቃውን ያውቀዋል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ማታ ስመለስ ከመኪናው ሥር የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ጎንበስ ብዬ ስነካው ትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው የማርሽ ሳጥን) እጅ አያስጠጋም። ጋራዥ ወሰድኩት፣ ዘይቱ ጠቁሮ ወጣ። አዲስ 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ተሞላበት። በአሥረኛው ቀን ያው ሽታ፣ ያው ጥቁር። እንደገና አስቀየርኩ። አሁን ደግሞ በኋላ በኩል፣ ትራንስሚሽኑ (ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው ዘንግ) የሚገባበት ላይ ዘይት ላብ ላብ ማለት ጀምሯል። መካኒኩ "ኩሽኔታው ሄዷል፣ ይፈታ" ይላል። ግን ምንም ድምፅ የለውም።

አንድ ሌላ ነገር። ከፎር ዊል ላወጣው ስል ማርሹ እምቢ ይላል። ትንሽ ወደ ኋላ ስመልሰው ቋ ብሎ ይለቃል። ከተማ ውስጥ ስጠመዝዝም መሪው ይከብደኛል። ይገናኝ ይሆን? ላስፈታው ወይስ ልታገስ?

የአባይ ማዶ፦
ወንድሜ 140 ዘይት ሙላበትና ተገላገል። ወፍራም ዘይት ሙቀት ይችላል። እኔ ዓመት ሙሉ ምንም አልሆንኩም።

ሠላሳ ዓመት ጋራዥ፦
ተው ተው፣ 140 አታስነካው። ዘይት ሲወፍር ማርሾቹ እሱን ራሱን ሲያማስሉ ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥራሉ። ጠዋት በብርዱ ደግሞ ኩሽኔታው ጋ ቶሎ አይደርስም። የመኪናው መጽሐፍ 90 ካለ 90 ነው።

አሁን ለጠያቂው። ማስፈታቱን አቆየው። በአሥር ቀን አዲስ ዘይት ካጠቆረ የሚያቃጥለው ሌላ ነገር አለ፤ ዘይቱ ጥፋት የለበትም። አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፣ በእውነት መልስልኝ። ፎር ዊሉን የት አስገብተህ የት ታወጣዋለህ?

የወረታ ተመላላሽ፦
ጋሼ፣ እውነቱን ከፈለጉ ጠዋት ከቤት ስወጣ አስገባዋለሁ፣ ማታ ግቢ ስገባ አወጣዋለሁ። ክረምት ነው ብዬ። ማርሹም እየታገለኝ ስለሰለቸኝ።

ሠላሳ ዓመት ጋራዥ፦
ይኸው ተገኘ! ልጄ፣ በአስፋልት ላይ ወደ 60 ኪሎ ሜትር በፎር ዊል ሄደህ በዚያው ትመለሳለህ ማለት ነው።

ያንተ መኪና የፊቱንና የኋላውን የሚያስማማ የመሐል ዲፈረንሻል የለውም። ፎር ዊል ስታስገባ የፊትና የኋላ ትራንስሚሽን እንደ አንድ ብረት ይታሰራሉ። መኪና ሲጠመዝዝ ደግሞ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ ሸርተት ብሎ ልዩነቱን ያወራርዳል። አስፋልት ላይ አይንሸራተትም፤ ስለዚህ ጉልበቱ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ውስጥ ይጠራቀማል። የማርሹ ጥርስ ተወጥሮ ይፋተጋል፣ መሐሉ ያለው ዘይት ይጨመቃል፣ ይቃጠላል። ማርሹ እምቢ የሚልህ ለዚህ ነው። ወደ ኋላ ስትመልሰው ገመዱ ተፈታ፣ ቋ አለ። የመሪው ክብደትም ያው ነው።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። የወረታ መንገድ አብዛኛው ቀጥ ያለ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ይህን ያህል መጋል አልነበረበትም። ጎማዎችህ አራቱም አንድ ቁጥር ናቸው? ወርደህ አንብበህ ንገረኝ።

ሾፌሯ፦
ለሌሎች የሚጠቅም ልጨምር። እኔ የድሮ ፓትሮል እነዳ ነበር። እሱ ላይ የእጅ ፍሬኑ ያለው ከትራንስፈሩ ኋላ ነው፣ በከበሮ መልክ። ገመዱ ተወጥሮ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ነበርና ትራንስፈሩን አብስሎ ኦይል ሲሉን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ላስቲክ) በላው። ሁለት ጋራዥ ትራንስፈሩን ሊፈታ ተነሥቶ ነበር። አሮጌ ላንድሮቨር ያላችሁም ይህን እዩ። ሃይሉክስ የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማ ላይ ስለሆነ አንተን አይመለከትህም።

አንተን የሚመለከትህ መተንፈሻው ነው። ከትራንስፈሩ አናት የምትወጣ ትንሽ መተንፈሻ አለች። የፎገራ ጥቁር አፈር ሲደርቅ ሲሚንቶ ነው፣ ይደፍናታል። ውስጡ ሲግል አየሩ መውጫ ያጣና ዘይቱን በኦይል ሲሉ በኩል ይገፋዋል። ያ ላብ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ደግሞ የጉማራና የርብ ወንዞች ሲሞሉ ሜዳው ውኃ ነው። የጋለ ትራንስፈር ድንገት ውኃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተርና ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከወጣ ውኃ ነው።

የሙያ መምህር፦
ጥሩ ተብሏል። አፈታተሹ ላይ ብቻ ልግባ።

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁም፣ ትንሽ ይቀዝቅዝ። መጀመሪያ የመሙያውን ብሎን ፍታ፣ ከዚያ በኋላ ነው የማፍሰሻው። ስንቱ ተማሪ አፍስሶ ሲያበቃ የመሙያው ብሎን ዝጎ አልፈታ ብሎት መኪናዋን አስቁሟል! ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ጠርዝ እኩል መሆን አለበት። መጉደሉ ብቻ ሳይሆን መብዛቱም ያግላል፣ አረፋ ይሆናል። የካምቢዮውንም (የዋናውን የማርሽ ሳጥን) ልክ እይ። በአንዳንድ መኪና በሁለቱ መሐል ያለው ሲል ሲበላ ዘይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ አንዱ ሲጎድል ሌላው ይሞላል።

ሽታው ላይ ተጠንቀቅ። አዲሱ የማርሽ ዘይት ራሱ ድኝ ስላለው እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ያ ቃጠሎ አይደለም። የማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ካለው ጥረገውና በጣትህ እሸው። ለስላሳ ግራጫ ቅባት ከሆነ የተለመደ መፋተግ ነው። ስብርባሪ ወይም ቅርፊት ካለ ግን መካኒክህ ልክ ነው፣ ይፈታ።

ሙቀቱን በእጅ አትለካ። በጨረር የምትለካዋን መለኪያ ከጋራዥ ተዋስ። የኮሮና ጊዜዋ ግን አትሆንም፣ እሷ ለሰው ግንባር ናት። ካጣህ ጠብታ ውኃ ጣል አድርግበት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጠብታዋ ጭስስ ብላ ወዲያው ከጠፋች ቅርፊቱ ከዚያ በላይ ግሏል፣ የውስጡ ዘይት ደግሞ ከቅርፊቱ ይብሳል። በአስፋልት ላይ በፎር ዊል ደግመህ አትሞክር። በቱ ዊል ብቻ ወረታ ደርሰህ ለካው።

የወረታ ተመላላሽ፦
ተመልሻለሁ። ጋሼ፣ ምን ልበልዎት! የፊቶቹ 265/70/16፣ የኋላዎቹ 245/70/16። የኋላዎቹን ከሁለት ወር በፊት ያገለገለ ገዝቼ ነው ያስገባሁት። ሻጩ "ያው ነው፣ ቸርኬው አንድ ነው" አለኝ፣ እኔም አመንኩ። በጠመኔ ምልክት አድርጌ አንድ ዙር አንከባልዬ ለካሁ። የፊቱ 2 ሜትር ከ37፣ የኋላው 2 ሜትር ከ28።

መተንፈሻዋ ድፍን ብላለች፣ በሽቦ ነው የከፈትኳት። ማግኔቱ ላይ ግራጫ ቅባት ብቻ። ወተት የለም። ትናንት በቱ ዊል ወረታ ደረስኩ። መንገድ ላይ ሐሙሲት ከተማ 58፣ ወረታ 63 ዲግሪ። ሽታ የለም፣ መሪው እንደ ላባ።

ሠላሳ ዓመት ጋራዥ፦
አየህ፣ በአንድ ዙር 9 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አለ። በ1 ኪሎ ሜትር የኋላው 17 ዙር ያህል ይበልጣል። በቱ ዊል ችግር የለውም። በፎር ዊል ግን ቀጥ ባለው መንገድም ሲታገሉ ነው የሚውሉት።

አታስፈታው። የኋላውን ኦይል ሲል ቀይር፣ ዘይቱን በልኩ ሙላ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ማግኔቱን አሳየኝ። ፎር ዊል ጭቃው አፍ ላይ አስገባ፣ አስፋልት ሳትወጣ አውጣ። አንዴ ደግሞ በትክክል መውጣቱን አረጋግጥ። ቱ ዊል ላይ አድርገህ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሣ፣ የኋላዎቹ ሥር ድንጋይ አድርግ፣ በእጅህ አዙረው። በቀላሉ ከዞረ ወጥቷል።

ሾፌሯ፦
የአባይ ማዶ፣ 140 የሞላህበት መኪና ምንድን ነው?

የአባይ ማዶ፦
አይሱዙ የጭነት። የኋላ ዲፈረንሻሉ ላይ።

ሾፌሯ፦
እሱማ ሌላ ታሪክ ነው 😄

የወረታ ተመላላሽ፦
ሁሉንም እግዜር ይስጥልኝ። ለጊዜው አራት አዲስ ጎማ አቅሜ አይደለም። ሁለት 265 ያገለገለ እየፈለግሁ ነው፣ የጥርሱ ጥልቀት ከፊቶቹ ጋር የሚቀራረብ። መጠባበቂያዋ ስንት እንደሆነች አሁን አይቼ መጣሁ። 225 ናት።