ሐምሌ ላይ ልጁ የት ይሁን? ለቀጣሪዎች በምናቀርበው ሐሳብ ላይ ውይይት

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጅ ለማሳደግ ብለው ከሒሳብ ሥራ የወጡ የማኅበራችን አባላት እንዴት ይመለሱ የሚለውን ሐሳብ ለቀጣሪዎች ከመላካችን በፊት እዚህ እናብስለው። እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያው ረቂቅ ሦስት ገጽ ሙሉ «እናቶች ይታገዙ» ነው የሚለው። ቀጣሪ ይህን አንብቦ «እግዜር ይርዳቸው» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። መቼ፣ ስንት ሰዓት፣ በማን ወጪ? እሱን ንገሩኝ።

የሳሪስ እናት፦
«መቼ» የሚለውን እኔ ልመልስ። አራት ዓመት ቤት ቆይቼ የተመለስኩት ሐምሌ ላይ ነው። ሐምሌ ለኛ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ያልቃል፣ ከዚያ እስከ ጥቅምት 30 ሒሳቡ ተዘግቶ ግብሩ መታወቅ አለበት፣ ቢሮ ውስጥ ቀና ብሎ የሚያይሽ ሰው የለም። ትምህርት ቤትስ የሚዘጋው መቼ ነው? ያው ሐምሌ። የቤት ሠራተኛዬ በዘጠነኛው ቀን «እናቴ ታማለች» ብላ ሄደች፣ በዚያው ቀረች። ልጄን ይዤ ቢሮ ገባሁ። ጠረጴዛዬ ሥር ካርቶን አንጥፌ አስቀመጥኳት። እኔ የባንኩን ሒሳብ ሳስታርቅ እሷ የክፍያ ቫውቸር ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ፀሐይ ሣለች። ጨረሩ ጠቅላላ ድምሩ ላይ አርፏል። ኦዲተሩ «ይሄ የማን ፊርማ ነው?» አለኝ። ያኔ ሳቅን፣ ማታ ግን አለቀስኩ። ስለዚህ ከዕረፍት የሚመለስ ሰው ሐምሌ ላይ አይጀምር። ኅዳር ይሁን። ግብሩ አልቋል፣ ልጁም ትምህርት ቤቱን ለምዷል።

ባለቢሮው፦
እኅቴ፣ የምትይው ገብቶኛል፤ ግን ከቀጣሪው ወገን ሆኜ ልናገር። ያለኝ አሥራ አንድ ሠራተኛ ነው። ሰው የምቀጥረው ሐምሌ ላይ እጅ ስለሚያጥረኝ ነው። ኅዳር ላይ በምን ልክፈላት? «ግማሽ ቀን» የሚለውም እንዲሁ ሲጻፍ አያስኬድም፤ ደንበኛ አሥር ሰዓት ላይ ሲደውል ማን ያነሳል? የሚያዋጣ ነገር ግን አለ። የወር ደንበኞች አሉን። የደመወዝ ግብር፣ ጡረታ፣ ቫት፣ ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያ ላይ ተቀንሶ የሚያዘው ግብር) በየወሩ ይታወቃል፣ ክረምት ከበጋ አይልም። ለተመላሿ አምስት ደንበኛ ልስጣት። ጠዋት ጠዋት ገብታ ትሥራ፣ የወሩ የመጨረሻ ሳምንት ብቻ ሙሉ ቀን ትሁንልኝ። ይሄን ጻፉትና የመጀመሪያው ፈራሚ እኔ ነኝ።

የሳሪስ እናት፦
ጋሼ፣ ይሄ ከኔ ሐሳብ ይሻላል። ኅዳርን ግን አልለቅም። አምስቱን ደንበኛ ኅዳር ላይ ከተረከበች ሐምሌ ሲመጣ ሥራውን የለመደ ሰው እጅዎ ላይ አለ ማለት ነው። ክፍያው በደንበኛ ቁጥር ይሁን፣ ጡረታዋ ግን እንደማንኛውም ሠራተኛ ይቆረጥላት። በፖስታ ብር ተቀብላ የምትሄድ ከሆነ ተመለሰች አይባልም።

የጀሞ አባት፦
ረቂቁ ውስጥ «እናት» የሚለው ቃል 22 ጊዜ ገብቷል፣ ቆጥሬዋለሁ። «አባት» የሚል አንድም የለም። አዋጅ 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። በ3 ቀን ገንፎው እንኳ አያልቅም! እኛ ቤት ነገሩን የቻልነው ማክሰኞና ሐሙስ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የማመጣው እኔ ስለሆንኩ ነው፤ አለቃዬ ግን በወጣሁ ቁጥር «ሚስትህ የት ሄዳ ነው?» ይለኛል። «ወላጅ» በሉት።

ፒችትሪ ብቻ፦
ወንድሜ፣ «ወላጅ» ብቻ ካልን ሥራቸውን የለቀቁት ሴቶቹ መሆናቸው ይደበቃል። ሕጉም ቢሆን የሚያውቀው ደመወዝ ላይ ያለችውን ነው። 120ው ቀን አልቆ ሕፃኑን የምትሰጠው ሰው አጥታ የለቀቀችው የለችበትም። ሁለቱም ቃል ይግባ፣ ቀለም አያልቅባችሁም።

ወደ ሥልጠናው ልምጣ። እኔ ስወጣ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ 600 ብር ነበር። ለሥራ ፈተና ተቀምጬ ፔሮል፣ ማለትም የደመወዝ ስሌት፣ ሥሪ ሲሉኝ በ600 ሠራሁላቸው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ለካ 2,000 ብር ሆኗል። የቫት አዋጁም 285/1994 ተሽሮ 1341/2016 መጥቷል። ዴቢትና ክሬዲት አልጠፋብኝም፣ ያመለጠኝ ዓመቱ ነው። ይሄ በስድስት ቅዳሜ የሚሸፈን ነገር ነው። ማኅበሩ ያሠልጥን፣ ቀጣሪው ደግሞ ሲቪ ላይ ክፍተት ስላየ ብቻ ከመጣሉ በፊት እነዚህን ስድስት ቅዳሜዎች ይቁጠርልን። ፔሮሉን እኔ አስተምራለሁ፣ ቂም ይዤበታለሁ።

ስድስተኛ ፎቅ፦
የልጆች ማቆያውን ማንም አላነሳውም። እያንዳንዱ ቢሮ ይክፈት ካልን የሚከፍት የለም። አንድ ሕንፃ ላይ ያሉ አራት አምስት ቢሮዎች ለሐምሌና ለነሐሴ ብቻ አንድ ክፍል ይጋሩ፣ አንድ ሞግዚት ይቅጠሩ። ግን ምድር ቤት ወይ አንደኛ ፎቅ ይሁን። መብራት ሲጠፋ ሊፍት ይቆማል፤ የሁለት ዓመት ልጅ ታቅፎ ስድስት ፎቅ የወጣ ሰው ያውቀዋል። መስኮቱም ፍርግርግ ይኑረው።

ባለቢሮው፦
ኪራዩ በኛ። የሞግዚቷ ደመወዝ ግን ከወላጆቹ ጋር ግማሽ በግማሽ። ያለዚያ ሌሎቹን ባለቢሮዎች አላሳምንም።

ስድስተኛ ፎቅ፦
እኛ ሲሶ።

ባለቢሮው፦
ሲሶ ይሁን። መርካቶ ስሄድ አንቺን ይዤ ነው።

ጸሐፊዋ፦
ይዣለሁ። ኅዳር ላይ መጀመር፣ አምስት የወር ደንበኛ፣ ጠዋት ሥራ፣ ወር መጨረሻ ሙሉ ቀን፣ ጡረታ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ። ማቆያው ለክረምቱ ብቻ፣ የሞግዚቷ ደመወዝ ሲሶው በወላጅ። «እናት» ወይስ «ወላጅ» የሚለውን በድምፅ እንለየው፣ እኔ ከሁለቱም ጋር ጸብ አልፈልግም። አንድ ነገር ግን ቀረ፤ ሥልጠናው ቅዳሜ ከሆነ ልጆቹስ ቅዳሜ የት ይሁኑ?

የጀሞ አባት፦
ይምጡ። ሥልጠናው ባለበት በተራ እንጠብቃቸዋለን። የመጀመሪያውን ቅዳሜ እኔ።

ባለቢሮው፦
ቢሮዬን እከፍታለሁ፣ ቁልፉ ጥበቃው ጋ አለ። ምንጣፍ ግን የለኝም።

የሳሪስ እናት፦
ምንጣፍ አመጣለሁ። እርስዎ ቫውቸሮቹን ቆልፉባቸው።