ልጄ 80 ቀን ሊሞላት 19 ቀን ቀርቷታል፣ የት ላስጠምቃት?

የኮቺዋ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጽሑፌ ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ጅማ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ ኮቺ ሰፈር። ዕድሜዬ 33 ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ዛሬ 61ኛ ቀኔ። ሴት ናት። እናቴ ልታርሰኝ እኛ ቤት ከመጣች ጀምሮ አለች። ጠዋት ጠዋት ገንፎውን ታቀርብልኝና ባለ ሦስት እግሯ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በጣቷ ትቆጥራለች። ምንም አትልም። ምን እንደምትቆጥር ግን አውቃለሁ።

ከልጅነቴ ካልጀመርኩ ጥያቄው አይገባችሁም።

እኔ ራሴ በ80 ቀኔ ነው ክርስትና የተነሳሁት። እናቴ የማርያም ማህበርተኛ ናት። ወር በገባ በ21 ተራዋ ሲደርስ ቤቱ ከዋዜማው ጀምሮ ድፎ ዳቦ ድፎ ዳቦ ይሸታል። ልጅ ሆነን ፍልሰታን ከነሐሴ 1 እስከ 16 እንጾም ነበር። መጾም ስል ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃም አይቀመስም ማለቴ ነው። ዝናቡ እየወረደብን፣ የነጠላችን ጫፍ ጭቃ እየጠጣ ቆርበን ስንመለስ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆች በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል፣ "ዛሬስ ምን አበሏችሁ?" ይሉናል። ቅዳሴው ግማሹ አይገባኝም ነበር። የዕጣኑ ሽታ ግን እስከ ዛሬ ሳላስበው ይመጣብኛል።

አስረኛ ክፍል ሳለሁ፣ በ2000 ዓ.ም.፣ አንድ ዴስክ የምንቀመጥ ልጅ ሙሉ ወንጌል ወሰደችኝ። ለማየት ብቻ ነበር የሄድኩት። መዝሙሩ ያዘኝ። ደግሞ የሚነበበውም የሚብራራውም ገባኝ፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር። ጌታን ተቀበልኩ፣ ኳየር ገባሁ። ማተቤን በገዛ እጄ ፈትቼ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተትኩት። መጣሉ አቃተኝ። የጥምቀት ትምህርቱን ጨርሼ በዛው ዓመት ሐምሌ ላይ በውሃ ተጠመቅኩ። አዌቱ ወንዝ ውስጥ አይደለም፣ አዌቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከአዳራሹ ጀርባ የሲሚንቶ ገንዳ ነበር፣ በቆርቆሮ የሚከደን። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ቤት ስገባ እናቴ ፀጉሬን ዳሰስ አደረገችና "ምን ሆነሽ ነው የረጠብሽው?" አለችኝ። "ዝናብ ነው" አልኳት። ጅማ ላይ ይሄ ውሸት ሁሌም ይሠራል። አንገቴ ባዶ መሆኑን ስታይ ግን ምንም አልሠራልኝም። ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። ከዛ ለመደችው፣ ወይም የለመደችው መሰለኝ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ስይዝ ደግሞ አንዲት አዲስ ቤተክርስቲያን መሄድ ጀመርኩ። ስሟን አልጠራም። መጋዘን ተከራይተው ነው የሚሰበሰቡት፣ የስፒከሩ ድምፅ ደረት ይመታል። ነቢይ አለ። "ዘር ዝሩ" ይባላል፣ እኔም የሁለት ወር ደሞዜን ዘራሁ፣ አልበቀለም። እሱስ ይሁን፣ ብር ነው። አንድ እሁድ ግን ነቢዩ ወደኔ ጠቆመና "ባለ ቀይ ሻርፕ፣ ተነሺ" አለኝ። ትዳርሽን ያሰረብሽ ሰው ቤትሽ ውስጥ ነው ያለው፣ ነጠላ የለበሱ እናት ይታዩኛል አለ። ጅማ ውስጥ ነጠላ የምትለብስ እናት ስንት አለች? ያኔ እንዲህ ብዬ አላሰብኩም። ጮህኩ፣ ወደቅኩ፣ ሰው ደግፎ አነሳኝ። የዛኑ ቀን ልብሴን በሻንጣ ጠቅልዬ ከቤት ወጣሁ። ሦስት ወር ሙሉ ስልኳን አላነሳሁም። ለምን እንደጠፋሁባት ዛሬም አታውቅም።

ወደ ልቤ ስመለስ የትም መሄድ ተውኩ። አንድ ዓመት ተኩል ያህል እሁድ እሁድ ልብስ አጥብ ነበር። ከዛ ባለቤቴን አገኘሁት። የደምቢ ዶሎ ልጅ ነው፣ መካነ ኢየሱስ። አያቱ ቤቴል የሚባለው ቤተክርስቲያን ነበሩ፣ ቤቴልና መካነ ኢየሱስ ሲዋሃዱ እነሱ ከተቀመጡበት ሳይነሱ የቤቱ ስም ተቀየረባቸው። እኔ ስዞር፣ የነሱ ቤት ራሱ ዞረ ብዬ እቀልድበታለሁ። አንድ እሁድ ታዲያ ምእመኑ ቆሞ የኒቅያን የሃይማኖት መግለጫ ሲል "አንዲት ጥምቀት" የሚለው ላይ ሲደርሱ ክው አልኩ። ይሄን እኮ ልጅ ሆኜ በቅዳሴ ሰምቼዋለሁ! እኔ ደግሞ ሁለቴ ተጠምቄያለሁ። የቱ ነው የኔ?

አሁን ጥያቄው ይሄ ነው። ኦርቶዶክስ ወስጄ በ80 ቀኗ ላስጠምቃት? እናቴ ዕድሜዋ ሄዷል፣ ደስ ይላታል። ወይስ ባለቤቴ እንደሚለው መካነ ኢየሱስ? የድሮ የኳየር ጓደኞቼ ደግሞ ተያት፣ አድጋ ራሷ ትወስን ይሉኛል። ስድብ ያዘጋጃችሁ እባካችሁ እለፉኝ።

የድሮ ሰንበት ተማሪ፦

እህቴ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

40ና 80 ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለም። አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገቡ የሚለው መጽሐፈ ኩፋሌ ላይ ነው ያለው። ዘሌዋውያን 12 ላይም የወላዷን የመንጻት ቀን ደምሪው፣ ለወንድ 7 እና 33፣ ለሴት 14 እና 66 ነው፣ እዛው ይመጣልሻል። እናትሽ የምትቆጥረው ይሄን ነው።

ግን በግልጽ ልንገርሽ። ጥምቀት ለአያት ደስታ ተብሎ አይደረግም። ሕፃኗ ከውሃው ስትወጣ 36 ቦታ ሜሮን ትቀባለች፣ በዛው ቀን ትቆርባለች። ክርስትና እናት ያስፈልጋታል፣ እሷም ኦርቶዶክስ መሆን አለባት፣ በሃይማኖት ላሳድጋት ብላ ቃል ትገባለችና። ከዛ በኋላስ? ማን ያስቆርባታል? ለጾም ስትደርስ አንቺ ቤት ረቡዕና ዓርብ ምን ይበላል? ካህኑ ይሄን ቢጠይቁሽ ምን ትያቸዋለሽ?

ስለ ራስሽ ደግሞ፣ መመለስ ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ንስሐና መጽሐፈ ቄደር፣ ማለትም ለሚመለስ ሰው የሚደርሰው ጸሎት ነው። ክርስትና ድጋሚ አትነሺም፣ የ80 ቀንሽ ጥምቀት የትም አልሄደም። ተመለሽ ብዬ አልጎተጉትሽም፣ አልጠየቅሽኝም። የክብሪት ቀፎው ግን አለ?

የኮቺዋ ልጅ፦

አለ። ቁምሳጥን ውስጥ ነው።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ ጌታ እንኳን በሰላም ገላገለሽ። እኔ ቃለ ሕይወት ነኝ፣ ጅማን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ።

ቸርች መቀየር የምትሉት ነገር በኛ ጊዜ አልነበረም፣ መቀያየሪያውም የለም። ደርግ በር ሲዘጋብን ቃለ ሕይወቱም፣ ሙሉ ወንጌሉም፣ መካነ ኢየሱሱም አንድ ሳሎን ውስጥ ነበርን። ረከቦት ይቀርባል፣ ሲኒ ይደረደራል፣ ቡናው ይፈላል፣ አንድ ልጅ ደጅ ላይ ብይ እየተጫወተ ይጠብቃል። ሰው ከመጣ ቡና እየጠጣን ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ ከጤፍ ጆንያ ሥር ነው የሚውለው። መዝሙር በሹክሹክታ ዘምረሽ ታውቂያለሽ? ጉሮሮ ያማል። ያኔ ማን ሕፃን ያጠምቃል፣ ማን አያጠምቅም ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። በ1983 በሩ ሲከፈት ሁሉም ወደየታፔላው ሄደና ጥያቄው መጣ።

በነገራችን ላይ የኛ ቤት ታሪክ ራሱ ጅማን ስቶ የሄደ ነው። በ1920 ዓ.ም. ሚስዮናዊው ዶክተር ላምቤና ጓደኞቻቸው በበቅሎ ከአዲስ አበባ ሲነሱ ሐሳባቸው ጅማ መድረስ ነበር፣ ሆሳዕናና ወላይታ ላይ ቀሩ። ያሰቡበት ያልደረሱት አንቺ ብቻ አይደለሽም ለማለት ነው።

በኛ ሕፃን አይጠመቅም። እናትና አባት ይዘውት ይወጣሉ፣ ሽማግሌዎች ጸልየው ይባርኩታል፣ ሲያድግና ሲያምን ይጠመቃል። እኔ ይሄ ትክክል ነው እላለሁ። ግን ባልሽ ሌላ እምነት ካለው በሱ ላይ አትሂጂ።

ቀጥተኛው፦

ሁሉም ዙሪያውን ሄደ፣ እኔ ልንካው። ያ ነቢይ እናትሽን ጠንቋይ አደረጋት፣ አንቺም አመንሽው፣ ሦስት ወር ቀጣሻት። እሷ ምን እንዳጠፋች እንኳን ሳታውቅ ዛሬ ገንፎ እያገነፋችልሽ ነው። አንቺ ደግሞ ይሄን ዕዳ በልጅሽ ጥምቀት ልትከፍዪ ነው። ይቅርታ ከሆነ የፈለግሽው አፍሽን ከፍተሽ ይቅርታ ጠይቂያት። ሕፃኗን ተያት።

የኮቺዋ ልጅ፦

ይሄ አመመኝ። ማታ እመለሳለሁ።

የመንደራው፦

ሰላም ጎረቤት። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ስለ ጥምቀት አስተያየት የለኝም። ሰፈራችን ክርስትና ሲደገስ ግን ቀርቼ አላውቅም። ለኛ የሚሆነው በግ በኛ ሰው እጅ ይታረዳል፣ ድስቱም ለብቻው ነው። አንዲት እናት ነበረች፣ ጭልፋው ከክርስቲያኑ ወጥ እንዳይቀላቀል ቀኑን ሙሉ ድስቱ ጋ ቆማ ትጠብቅልን ነበር፣ እሷ ራሷ ክርስቲያን። ስለዚህ የትም ይሁን፣ እኔን ጥሩኝ።

አንድ ጥያቄ ብቻ። ባልሽ ምን አለ? የአያቱን ታሪክ ነገርሽን፣ የሱን ሐሳብ በአንድ መስመር አለፍሽው።

የሁለት ቤት ሙሽራ፦

እኔም እንዳንቺው ነኝ። ኦርቶዶክስ ተወልጄ መካነ ኢየሱስ ገባሁ። ሲቀበሉኝ በልጅነትሽ ተጠምቀሻል አይደል አሉኝ፣ አዎ አልኩ፣ አለቀ፣ ድጋሚ ውሃ የለም። ሕፃንም ያጠምቃሉ፣ የሉተር ልጆች ናቸው። ስለዚህ ለሙሉ ወንጌል ጓደኞችሽ የሚከብደው ነገር ለባልሽ አይከብደውም።

የኔ ልጅ 80 ቀኗ እሁድ ላይ ዋለ፣ እዛው አስጠመቅናት። አማቴ ኦርቶዶክስ ናቸው። አዳራሹ ድረስ አልመጡም፣ ግን ዶሮ ሠርተው ጠበቁን። ስንገባ ልጅቷን ከእጄ ተቀበሉ፣ ግንባሯን ሳሙ፣ ከዛ "ምን ያደርጋል፣ ሜሮን የለውም" አሉ። አራት ዓመት ሆነ፣ ልጅቷ ጉንፋን በያዛት ቁጥር ሜሮኑ ይነሳል። መቻል ነው።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ተደብቀሽ ሁለት ቦታ እንዳታስጠምቂ። ያደረገች አውቃለሁ፣ ለአማቷም ለእናቷም ልትሆን ብላ። ባሏ ከጎረቤት ሰማ። እስከ ዛሬ የሚጣሉት በጥምቀቱ አይደለም፣ በድብቁ ነው።

የኮቺዋ ልጅ፦

ሁለት ቀን ቆየሁ፣ ይቅርታ። ልጅቷ ሆዷን ቁርጠት ይዟት ነበር።

ባለቤቴን ዛሬ በደንብ ጠየቅኩት፣ የመንደራው ተባረክ። ኦርቶዶክስ ብትጠመቅ ጥምቀቱን ጥምቀት አይደለም አልልም አለኝ። ግን ካህኑ ፊት ቆሜ በዚህ ሃይማኖት አሳድጋታለሁ ብዬ መዋሸት አልችልም፣ እኔ ስዋሽ ደግሞ አንቺም ትዋሺያለሽ አለ። ውሸት ሲል ገንዳው ትዝ አለኝ።

ከዛ ከሰዓት እናቴ ቡና ስትቆላ አጠገቧ ተቀመጥኩና የነቢዩን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ሻርፑን፣ ነጠላውን፣ ስልኩን ያላነሳሁበትን ሦስት ወር። ቀና ብላ አላየችኝም፣ ምጣዱን ብቻ ታማስላለች። ቡናው አረረ። እናቴ ቡና ስታሳርር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ደፋችው፣ ሌላ አጠበች፣ እንደገና መቁላት ጀመረች። ሁለተኛው ሲንጣጣ ነው የተናገረችው።

"የት ብትወስዷት ውሰዷት፣ የናንተ ልጅ ናት። ብቻ ዝናብ ነው እንዳትይኝ።"

የምን ዝናብ አልኳት።

"የሐምሌ አቦ ዕለት ነበር" አለችኝ። "ያን ቀን ጠብ አላለም።"

የመንደራው፦

ጅማ፣ በሐምሌ፣ ጠብ ሳይል? እማማን አከብራለሁ፣ ይሄን ግን አላምንም።